የማክሰኞ ውሃ

ታበርናስ ከተማ ከኋላችን ቀርቶ፣
አስፋልቱም ደክሞት ጠጠር ውስጥ ገብቶ፣
ከቆርቆሮው ቤት በር ስማችን ሰፍሯል፤
«በጎ ፈቃደኞች»፤ ደመወዙ ቀርቷል።

ቤኒልዴ መዝጋቢ፣ እንግዳ ቆጣሪ፤
እኔ ጠርሙስ ለቃሚ፣ ምልክት ቸንካሪ።
ሐሙስ ሦስት መኪና፣ ዓርብ ደግሞ ምንም፤
ቅዳሜ አንድ ጀርመን፣ ብስክሌት የሚያስታምም።

ልጃችን ስትደውል ከግራናዳ ማዶ፣
«ምን አላችሁ እዚያ? ድንጋይና ባዶ!»
ባዶም፣ ልጄ፣ ዘበኛ ይሻል።

ውሃ ማክሰኞ ነው፤ በቦቴ ይመጣል፤
እስኪመጣ ድረስ በጣሳ ይሰፈራል፤
ሰኞ ሰኞ ሳህን በአሸዋ ይፈተጋል።

አንድ ሰኞ ከደጅ ዔሊ ቆማ አየሁ፤
የቀረንን ውሃ ከፊቷ አገኘሁ።
«ጠምቷት ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትልልኝ።
«እኛስ?» ስል፣ «እኛማ አፍ አለን» አለችኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ፤ ደረቁ ወንዝ ወረድኩ፤
የሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ይዤ አኮረፍኩ።
ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤትም የለ፤
ኩርፊያም ምስክር ሲያጣ
እየቀለለ፣ እየቀለለ፣
ጀምበር ሳትጠልቅ ከትከሻዬ ወረደ።

ተመለስኩ። ወንበሬ ከወንበሯ አጠገብ፤
ደብተሩን ገልጣለች፣ በፋኖስ እንዳነብ፦

«ሰኞ። ነፋስ ከምሥራቅ። እንግዳ ሁለት።
አንዲት ዔሊ፤ ጠጥታ ሄዳለች።
አንድ ሽማግሌ፤ እሱ ገና አልጠጣም።»

ከደብተሩ ጎን፣ በጣሳ፣
ሁለት ጉንጭ ውሃ።