ያልተወሰደ ሰዓት

ዋንዛ ነው የምጠርብ፣ ሂርማታ ነኝ እኔ፣
በርጩማ ነው ሥራዬ፣ በርጩማ ነው ቀኔ።
ሁለቱ እግር ሲስማማ፣ ሦስተኛው ያኮርፋል፣
ሲለምኑት ውሎ ማታ ይታረቃል።

ከመንገዱ ማዶ የነጂብ ኪዮስክ አለ፣
በቆመ ሰዓት ብዛት ግድግዳው የዛለ፤
"ጊዜ የለኝም" ለሚል፣ ለቸኮለ ሁሉ
ነጂብ መልስ አያጣም፦ "ይኸው፣ ግድግዳ ሙሉ!"

አሥር ሰዓት ሲሆን፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ንግግሩን ሲጨርስ፣
መሮዬን ሰቅዬ፣ ሰጋቱራ አራግፌ ከልብስ፣
እሻገራለሁ።

ዳማችን ካርቶን ናት፣ በከሰል የሠመርናት፣
የጅማ እርጥበት ጥጓን ያሳበጣት።
ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤
የኔ የቢራ ክዳን፣ የሱ የለስላሳ፣
(የኔን ሲበላ እንኳ በጥፍሩ ጫፍ ነው የሚያነሳ።)

ፊት ውል አልነበረንም።
"አንድ ዙር ብቻ" ስንል፣ ያቺ ዙር ትወልዳለች፣
ልጇን ጡት ሳታስጥል ደግሞ ታረግዛለች።
የተሸነፈው "ልካስ"፣ የረታው "ልድገም"፣
እንዲህ እንዲህ ሲል ነው ጨዋታ የሚታመም።

አንድ ሐሙስ፣
ገበያው ተበትኖ፣ ባጃጁ ሁሉ ገብቶ፣
በስልክ ብርሃን ስንጫወት፣ የመንገዱ መብራት ጠፍቶ፣
አሥራ አራተኛው ዙር ላይ "ነክተሃል!" አለኝ።
"አልነካሁም!" አልኩት።
ቆርኪውን አልነካሁም፤ እኔን ግን አንድ ነገር ነካኝ።
ካርቶኗን ገለበጥኳት።
ቆርኪው ተንከባሎ ከቦዩ ሲደርስ፣
ቦዩ ወደ አዌቱ ወሰደው፣ ላይመለስ።

ስድስት ወር።
አንድ መንገድ በመሃል፣ ሰላምታ ያልተሻገረው።
እኔም ጎበዝኩ፤ እስከ ኢሻ አዛን ጠረብኩ፣
"ጨዋታ የሥራ ሌባ" እያልኩ ለራሴ ሰበክኩ።
ብሩ መጣ፣ እውነት ነው፣ ኪሴ አልጎደለም፤
በርጩማው ግን አነከሰ፣
ሦስተኛው እግር ከዚያ ወዲያ አልታረቀኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣
ነጂብ ከኔው የገዛውን በርጩማ ተሸክሞ መጣ፣
መሬት ላይ ሲያኖረው ዘመመ፣ ሊወድቅ ቃጣ።
"እኔ የሰው ሰዓት ሳቆም አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ።
"የለም።"
"እንግዲያስ አንተም በርጩማ አታንክስ።"
ከኮቱ ኪስ አወጣ፣
ባለ ሁለት ጆሮ ቀይ የደወል ሰዓት፤
አንድ የአጋሮ መምህር ለጥገና ሰጥቶት፣
አራት ዓመት ሆነው፣ ባለቤቱ ረስቶት።
"ይሄ ይፍረደን" አለ፤ "ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይጮሃል፤
ያን ጊዜ ያልተነሳ፣ ቢያሸንፍም ተሸንፏል።"

ይኸው ሁለት ዓመት።

ትናንት እኔ ሦስት ንጉሥ፣ እሱ አንድ ብቻ ቀርቶት፣
ጥጉ ላይ ይዤው፣
እጄ ቆርኪዬን ልትገፋ አየር ላይ እንዳለች
ጮኸ።
ነጂብ እኔን አየ። እኔ እጄን አየሁ።
እጅ ጆሮ የላትም፤ እንደ ምንም መለስኳት፣
ካርቶኗንም እንዳለች በጎድጓዳ ሳህን ከደንናት።

የአዌቱን ድልድይ ስሻገር እርምጃዋ መዳፌ ውስጥ ነበረች፣
እንደ ትኩስ የበቆሎ እሸት እያቃጠለች።
ልጄ ቢፍቱ በር ላይ ቆማ "አሸነፍክ?" አለችኝ።
"ነገ" አልኳት።
"እንግዲያው ና" ብላ የዝላይ ገመዷን ጫፍ ሰጠችኝ፤
ሌላው ጫፍ ከአጥሩ ታስሮ፣
እስኪመሽ አዞርኩላት። ሲመሽ ራሷ አቆመች።

ሌሊት ዝናብ ቀሰቀሰኝ።
በጨለማው ውስጥ ካርቶኗን ዘርግቼ አየኋት፤
ያቺን ቆርኪ ብገፋት ኖሮ
ለካስ ሁለት ንጉሥ ልበላ ነበር፣
ሁለቱንም
በጥፍሩ ጫፍ።