አሥር ቁጥር

ጨው ብረት ይበላል፤
ሳስካቸዋን ውስጥ ይህን ሕፃንም ያውቃል።
በበረዶው ወራት አስፋልቱ ላይ ሲበትኑት ከርመው
በሚያዝያ ፀሐይ ይታያል የጎደለው።

የእኛ ሰበርባን ሠላሳ ዓመቱ ነው።
ከላይ የቤተሰብ፣ ሦስት ረድፍ መቀመጫ፣
የብስኩት ፍርፋሪ፣ የልጅ መራገጫ፤
ከሥር ግን ጭነት ነው፣ ሻንሲው የበሬ ጫንቃ፣
ስንዴ ሲጎትት የኖረ በጠፍ ጨረቃ።
እናቴ ስቴፋን ምጥ ያጣደፋት ሌሊት
ዳኒሎ የመጣው በመሐለኛው ወንበር ነው፣ ከሆስፒታሉ በፊት።

ዛሬ የግራ ኋላ ፍሬኑ አፈሰሰ።
ክሪኩን ሰቅዬ ልገባ ስል አባቴ በእጁ መለሰኝ፦
"ክሪክ ያመነ፣ ጉም የዘገነ!
መደገፊያ ብረት አቁሚ።"
አቆምኩ። ጎማውን ፈታሁ።
ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ፤
ዝገቱ እንደ በርበሬ ዓይኔ ላይ ዘነበ።

ድሮ
መብራት ያዧ እኔ ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፤ እሱ ከሥር ሲጮህ፦
"ወደ እጄ አብሪ እንጂ፣ ወደ ፊቴ ነው እንዴ!
አትነቅንቂው፣ ዳርካ! ዛፍ ሁኚ!"
ዛፍ ለመሆን ትንፋሼን እይዝ ነበር።

አሁን
መብራቱን የያዘው ኦሬስት አባቴ ነው፣
የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ።
ያ በሽታ እጁን ከያዘው ሦስት ዓመቱ፤
ብርሃኑ ከብሎን ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ግንባሬ ይበርራል
እንደ ቢራቢሮ፣ ማረፊያ አጥቶ።
"ዛፍ ሁን" አልለውም።
ብርሃኑ ዞሮ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣
በመጣ ቁጥር ሩብ ዙር አዞራለሁ።

የቱቦው ዳዶ ግን እምቢ አለ።
ዘይት ረጨሁበት። በመዶሻ ኳ ኳ አደረግኩት።
"አትታገዪው" አለኝ፣
"የዛገ ነገር በጉልበት ሲመጡበት ራሱን ይሰብራል።
መጀመሪያ ትንሽ አጥብቂው፣ ከዚያ ይላላል።"
አጠበቅኩት።
ቀጭ አለ። ላላ።
ጥቁሩ የፍሬን ዘይት በክርኔ ወረደ።

አዲሱን ቱቦ ልዘረጋ
በሻንሲው ጀርባ ጣቴን ስሰድ፣
ከደረቀ ጭቃና ከአይጥ ጎጆ መሐል
አንድ ቀዝቃዛ ነገር።
አሥር ቁጥር ቁልፍ።

በመፍቻ ሣጥኑ፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ መሐል፣
ቦታው ባዶ ነው ዳኒሎ ዐሥራ ሰባት ከሆነበት መኸር ጀምሮ።
"ሸጦታል" አለ አባቴ፤ ማለ።
"አልሸጥኩም" አለ ዳኒሎ፤ ማለ።
ሁለት መሐላ አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም።
እናቴ የቀይ ሥር ሾርባ ጭልፋዋን እንደያዘች
መሐላቸው ቆማ ቀረች።
ታናሹ ወጣ፤ ሪጃይና፣ ከዚያ ካልጋሪ፣
ከዚያ ለእናቴ ቀብር አንድ ቀን፣ ኮቱን ሳያወልቅ።
"የቁልፍ ነገር ብቻ አልነበረም" እንላለን ለጎረቤት።
እውነት ነው፣ የቁልፍ ብቻ አልነበረም።
የቁልፍም ግን ነበር።

ከሥር ወጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።
መብራቱን አጠፋ።
በአውራ ጣቱ ቁጥሩን ዳሰሰ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣
ከበሽታው ይሁን ከሌላ፣ ማን ያውቃል።
ከስንዴ ጎተራው በኩል ነፋስ መጣና ካርቶኔን ወሰደው።

"ያን በጋ ማርሚታውን የቀየርኩት እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ።
ዝም አልኩ።
"ልጁ ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል?"
"አልቀየረም።"
መብራቱን መልሶ አበራ፣
ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተ፦
"በይ ግቢ። ከፍሬኑ አየሩን ጨርሰሽ አስወጪ።
ፍሬን በሌለው መኪና
ካልጋሪ አይኬድም።"