ነቅሎ መትከል

ቂርያት ጋት፣ ከጎማ ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት፣
ባሩድ የለመደው አየር፣ ማራገቢያው የሚያቃስትበት፤
ግሪሻ ከኪሱ አወጣት፤ ከአውራ ጣት አትረዝም፣
መስታወት ነው ግንባሯ፣ ሌላ ጌጥ የላትም።
«ተነቃይ ማነጣጠሪያ ናት፤ ብሎን አትፈልግ፣ መፍቻ፣
ሽጉጡ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ በአንዲት ምላስ ብቻ።
አምሳ ጊዜ ንቀዪ፣ አምሳ ጊዜ ትከዪ፣
ዝንፍ ካለች ጻፊ፤ ካላለችም ጻፊ» — እንዲህ ነው ግሪሻ፣
ያልተጻፈ ሁሉ ያልሆነ የሚመስለው፣ ሁሌ ወረቀት የሚሻ።

ጆሮዬን ደፈንኩ። አሥራ አምስት ሜትር። ክንዴን ዘረጋሁ።
ቀይዋን ነጥብ ፈለግኩ፣ አገኘኋት፣ ደነገጥኩ፤
ክብ ትሆናለች ስል ጭራ አብቅላለች፣
ከመዶሻ ሥር እንዳመለጠች ፍንጣሪ
ወደ ጎን ተረጭታለች።

«ዕቃህ ተበላሽቷል» አልኩት፤ «ነጥቧ ጭራ አላት።»
ስልኩን አወጣ፣ በመስታወቷ አሻግሮ ፎቶ አነሳት።
አሳየኝ። እንደ ምስር ፍሬ ክብ፣ እንከን የሌላት።
«ዕቃዬ ደኅና ናት፤ ያልተፈተነው ዓይንሽ ነው» አለኝ፣
ጥይት እየቆጠረ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

ዓይኔ! ሳቄ መጣ፤
ይህን ክስ አውቀዋለሁ፣ እኔ ሳልወለድ ቤታችን የመጣ።
ወለቃ፣ አባቴ ይስማው ፍም ላይ ብረት ሲያበስል፣
ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ
ሕፃኑን በጋቢው ጫፍ ይከልል ነበር
«የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል» ሲል።
ማረሻችንን ግን ሳይከልል ተሸክሞ ይሄዳል።

እና አሁን ያ ሁሉ ሐሜት፣ ያ ሁሉ የጅብ ተረት
ሊያልቅ ነው በዓይን ሐኪም ወረቀት፤
ግራ ዓይን ይህን ያህል፣ ቀኝ ዓይን ያን ያህል፣
ቀጠሮ፣ ማኅተም፣ ክፍያ።

ጭራዋን ትቼ በራሷ አነጣጠርኩ።
ተኮስኩ። ነቀልኩ። ተከልኩ። ተኮስኩ።
ቀለሁ ከእግሬ ሥር እንደ ሽምብራ ተበተነ፣
እስከ ሃያው ድረስ ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ሆነ።
በሃያ አንደኛው ግን ጥይቷ ሦስት ጣት ወረደች፣
ወደ ግራም ሸሸች።

እዚህ ላይ ነው አባቴ የመጣው።
ገበሬው «ማረሻህ ያዘነብላል» ብሎ ሲመለስበት አይቆጣም፣
ብረቱንም አይወቅስ፣ ሰውየውንም አያማም፤
ወገሉን ይፈታል፣ የማረሻውን መቀመጫ በጣቱ ይዳብሳል፣
ጠጠር ያገኛል፣ ወይ የደረቀ ጭቃ፤ እፍ ብሎ ይመልሳል።

ዳበስኩ። እውነትም ጥላሸት፣ ከሰሊጥ የምታንስ፣
ከመቀመጫዋ ጥግ። እፍ አልኩባት እንደ ወናፍ፣
በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኳት፤ ቀጭ ብላ ገባች፣ አፍ ላፍ።

እስከ አምሳው ድረስ ተመለሰች። ማለቴ፣
ወደ ቦታዋ አይደለም፤ ወደ ቦታዋ አጠገብ፤
አንድ ጣት ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ያችው አንድ ጣት።

ግሪሻ ወረቀቱን መብራት ሥር ዘረጋው።
«ተመልሳለች እንበል?» አለ።
እሱም ከሆነ አገር ተነቅሎ የመጣ ነው፤
ከየት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።
«አንድ ጣት» አልኩት። «አንድ ጣት ብለህ ጻፍ።
መጥረጊያ ጨርቅም ከሷ ጋር ይሸጥ በል።»
ጻፈ።

ሽጉጡን አስረክቤ ደረጃውን ወጣሁ። መሽቷል፤ ዝናቡ አባርቷል።
የትራፊኩ ቀይ መብራት፣ የአውቶቡሱ የኋላ መብራት፣
የመድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ መስቀል ሳይቀር
ሁሉም ጭራ አለው፤ ሁሉም ወደ ጎን ይረጫል።
አርባ ሰባት ዓመቴ ነው።
መብራት ለሰው ሁሉ
እንዲህ የሚታይ ይመስለኝ ነበር።