ገድ

በላፓዝ ክሊኒክ ተራዬን ጠብቄ፣
ከሚስቴ ጎን ሆኜ ጃኬቴን አውልቄ፣
በሩ ተከፍቶ ጥቁር ነርስ ብትወጣ
ጣቴ ሚስቴን ቆነጠጠ፤ ሐሳቤ ዘግይቶ መጣ።
ከእናቴ የወረስኩት ነው፦ «ጥቁር ሰው ስታይ በጠዋት
ያጠገብህን ቆንጥጥ፤ ገድህ ናት!»
(እናቴ አይማራ ነበረች። በዚሁ ከተማ
በባርኔጣዋ ሲስቁ አልፍ ነበር እንዳልሰማ።)

ነርሷ አየችኝ።
ካሲልዳ ይላል ደረቷ ላይ።
ጥጡን አልኮል እየነከረች፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ከላይ፣
«ዛሬ ሦስተኛዬ ነህ» አለች፤ «ሁለቱ ሚኒባስ ውስጥ ነበሩ።
አምና ቤት ልከራይ ብሄድ፣ ሰውዬው ቆሞ ከበሩ
ሚስቱን ቆነጠጣት። እሺ፣ ገዱን ወሰደ።
‹ክፍሉ ግን ተይዟል› አለኝ፤ ማስታወቂያው ገና አልወረደ።
የሁሉ ሰው ገድ ነኝ፣ ጌታዬ።
ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ግን፣
እስቲ እኔ ማንን ልቆንጥጥ?»

ሚስቴ ክንዷን ታሻለች።
እኔ የወለሉን ሸክላ እቆጥራለሁ፤
አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አንዱ የተሰነጠቀ።

ካሲልዳ መርፌውን ወደ አምፖሉ አንስታ
አየሩን ገፋ አድርጋ አስወጣችው።
«ዘና በል» አለችኝ፣
«ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል።»