የቅዳጅ ካርታ

በርበሬ ወንዝ ዳር፣ በጦይብ ልብስ ስፌት፣
አራት በርጩማ አለ፤ የኛ ምክር ቤት።
ኮምቦልቻ ተኝቷል፤ መብራት ግን አልጠፋም፤
ሰው ኦሃዮ ሲቆጥር ጦይብ ሱቅ አይዘጋም።

ሙሄ የዝሆን ነው። አሰብ ድረስ ሲነዳ
በየኬላው ቆሞ የከፈለው ዕዳ
ዛሬም ጉሮሮው ላይ። «ግብር» የሚል ቃል
ከሰማ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ ይላል።

ፈንታው የአህያ ነው። ምን ያድርግ? ጋሪ አለው፤
እሷ ስትበላ ነው ልጁም የሚበላው።
«የድሀን ሸክም ማን ተሸከመ?» ብሎ
ይሟገታል ማታ፣ አለንጋውን ጭኑ ላይ ጥሎ።
ደጅ የታሰረችው፣ ስሟ ሲነሳ፣
ታናፋለች አንዳንዴ። «ይኸው!» ይላል፣ «መረጠች እሷ!»

እኔን ከጠየቁ፣ እኔ የግራ ኪስ ነኝ፤
ፓርኩ ሁለት ዓመት ያንኑ አሰፋኝ።
ስድሳ ኪስ በሰዓት። ቀኙን ሌላ ሴት ትሰፋ፣
ዚፑን ሌላ፤ ሱሪው መልኩን ሳላይ ጠፋ
በኮንቴይነር ታሽጎ። ከእያንዳንዱ ኪስ ግን
አንዲት ቁራጭ ወረቀት እከት ነበር፣ እንዲህ የምትል፦
«ቁጥር አርባ አንድ መርምሮታል።»
አርባ አንድ እኔ ነኝ። ዘሀራ አይልም።
ኦሃዮ ያለ ሰው ቢያወጣው አይጨንቀውም፤
ጠቅልሎ ይጥላል፤ ከዚያ በዚያው እጁ
ድምፁን ይሰጥ ይሆናል፣ ለአንዱ ወዳጁ።

አንድ ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ ቁሙ ተባልን።
«የቀረጥ ነገር ነው፤ ከዋሽንግተን» ተባለ።
አልገባኝም ማን እንዳለ፣ እጁን ማን እንደሰቀለ።
ማሽኔ ክሩን ነክሶ እንደያዘ ቀረ።
ከዚያ ወዲህ ነው የነሱ ወንበር ቁጥር
እንደ ዘመድ ዕዳ እንቅልፌን የሚሰብር።

ካርታ መጣ ከዚያ፤ አንድ የምርጫ ወረዳ፣
እዚህ ቀጥኖ እንደ ክር፣ እዚያ አብጦ እንደ ገንዳ፣
ወንዝ ተሻግሮ፣ ከአንድ መንደር ሦስት ቤት ብቻ ነጥቆ።
ጦይብ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አየው አጥልቆ።
«ይህን የቆረጠው ማነው? ወገብ የለው ትከሻ!
የኔ ተለማማጅ ቢሆን፣ ይህ ለእጅ ማበሻ።»
«መቀስ የያዘ ፓርቲ ነው» አለ ፈንታው ፈጥኖ፣
«የኛን ሰፈር የሚበትን፣ ሸንሽኖ ሸንሽኖ።»
«እናንተስ?» አለ ሙሄ፣ «በገዛችሁበት
የተቆረጠውን አየሁት፤ እሱስ የማን ቁርጠት?»
ጦይብ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።
«ደንበኛ ልብሱን ይመርጣል ብዬ ነበር» አለ፣ «ለካ
እዚያስ ልብሱ ነው ደንበኛውን የሚለካ።»

ሊነጋ ሲል ታወቀ። ዝሆን፣ በአራት ወንበር።
ሙሄ ሻይ አዘዘ፣ ላንቀላፋውም ጭምር።
«ዝሆን ገባ፣» አለኝ፣ «ፓርኩ ይከፈታል፤
ካንቺ ሌላ ግራ ኪስ ማን ያሳምርላቸዋል?»
ፈንታው ዝም። ያኔ፣ በሩ ሲዘጋ፣
ወንበሩ የነሱ ነበር። ያውቃል። አለንጋ
ሲፈትል አየሁት፤ እኔም አላነሳሁበት።
ሙሄንም አላመንኩት። ስንቱን ጠዋት
«ሊከፈት ነው» ሲባል ሮጬ
ከዘበኛው ጋር ተመልሻለሁ፣ ለውዝ ቆርጥሜ።

ውርርድ ነበራቸው፤ ተሸናፊ ሊጭን።
ሁለት ኩንታል ማሽላ፣ ከላዩ ሙሄ ራሱ፣
ጉብ ብሎ ጋሪው ላይ፤ ፈንታው ከኋላ፣ በእግሩ፣ እሱ።
ዳገቱ ላይ አህያዋ አንገቷን ሰብራ፣
ያሸነፈውን ዝሆን ወሰደችው፣ ጆሮዋ ሳይቆም፣ ሳትኮራ።
«ውረድ እንጂ!» አለ ፈንታው። «ብዙኃኑ ወሰነ!»
ከጎማ ጥገናው የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

እኔ ቅዳጁን ጠርጌ ማሽን ላይ ተቀመጥኩ።
አሁን ለጦይብ ነው የምሰፋ፤ ቀኙንም፣ ግራውንም፣ ዚፑንም።
ከፓርኩ ስወጣ አንድ እፍኝ ወረቀት
በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጥቻለሁ፤ አልቆጠሩብኝም።
የፈንታው ልጅ የትምህርት ቤት ሱሪ ነበር ተራው።
ከግራው ኪስ አንዷን ከተትኩ፣ ጀርባዋ ላይ
በጦይብ እርሳስ፣ «ዘሀራ» ብዬ፤
ጉልበቱንም ደጋግሜ ሰፋሁት፣ ቶሎ እንዳይቀደድ፤
ሲወድቅ ነው የሚውለው ያ ልጅ።