መካከለኛው ክፍል

ጥቁር ውሃ ድልድይ፣ ኬላው ጋ ስንደርስ፣
«ሁሉም ይውረድ» ተባለ፤ ባዶ ቀረ ሚኒባስ።
ፖሊሱ ሻንጣችንን እስከ ሥሩ በረበረና
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘና
«ምንድነው?» አላት ሚስቴን።
«ጫማ ነው» አለች አስካለች፣ «ላንድ ቀን ብዬ የገዛሁት፣
ለሐይቅ ዳር መሄጃ፣ ገና ያልተጫማሁት።»
መልሶ ጠቀለለው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን።
«እለፉ» አለን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣
ማዕበልን ሳይቀር በጠመኔ አስምሬ፣
ሐይቅ የሚባል ነገር ከአውቶቡስ መስኮት በቀር
አይቼ አላውቅም ነበር።
ዕቁቡ ሲደርሰን አንዴ ለጣሪያ ቆርቆሮ፣
አንዴ ለልጅ ሠርግ፤ የኛ ተራ ደረሰ ዘንድሮ።

ሐዋሳ ገባን። ሆቴሉ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤
«ሐይቅ የሚያይ» ይላል፣ «ጓሮ የሚያይ» ይላል።
የላይኛው ዋጋ የጡረታዬን እኩሌታ ይውጣል፤
የታችኛው መስኮት ከወጥ ቤቱ ጭስ ጋር ይዋሰናል።
ላሚሶ የሚል ስም ደረቱ ላይ የለጠፈው ልጅ
ኪሴን አይደለም ያየው፤ ሻንጣ የያዘ የሚስቴን እጅ።
«መካከለኛም አለ» አለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ሰሌዳው ላይ የለም። ሐይቁን ያሳያል፣ ግማሹን፤
ወንበር ላይ ለቆመ፣ አንገቱን አስግጎ።»

እኔስ መቼ ሌላ ቦታ ኖሬ አውቃለሁ?
ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ፣
ታክሲ ውስጥ መሀል ወንበር፤ ጉልበቴ ከሰው ዘንቢል ተጣብቆ ውሎ፤
ሰልፍ ላይ እንኳ ፊትም ኋላም ሆኜ አላውቅም።
«እንወስደዋለን» አልኩ። አስካለች ዝም።
ዝምታዋ ግን አይከብድም።

ክፍሉ፦ አልጋ፣ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚይዝ ቴሌቪዥን፣
የወተት ጥርስ የምታክል ሳሙና፣
ሙቅ ውሃ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ፣ መብራት ካለ፣
አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ወንበር።
እሷ ወጣች መጀመሪያ። እኔ ወንበሩን ያዝኩ።
«ምን ይታያል?»
«ግራው ያላለቀ ፎቅ ነው፤ ብረቱ እንደ ጃርት ቆሟል።
ቀኙ ግን...» ብላ ቆመች።
ቀኙን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።
ተራዬ ሲደርስ አየሁት፤ ለካ ማዕበል እኔ እንደሳልኩት አይመጣም፤
ሰልፉን ይጥሳል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፣ በቀመር አይቀጣም።
ስንቱን ልጅ በዚህ ጉዳይ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ።

በማግስቱ አሞራ ገደል፤ አንድ ጥብስ ቆሮሶ ለሁለት።
አባ ኮዳው ከጀርባችን ቆሞ፣ ራሰ በራው፣ እንደ ኦዲተር
እያንዳንዷን አጥንት ቆጠረብን።
«ጉማሬ ጋ ልውሰዳችሁ?» አለ ባለጀልባው፤ የሙሉ መንገድ ዋጋ ጠራ።
«ግማሽ መንገድስ?» አልኩት።
ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ።
ግን ወሰደን።

መሀል ላይ ሞተሩን አጠፋው።
ጉማሬ የለም። ውሃ ብቻ፣ የጀልባዋን ሆድ የሚልስ።
አስካለች ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አቅፋዋለች፣ እንዳይርስ።
ድንገት ጣቷን ቀሰረች፦ «ያቻት!»
ካላለቀው ፎቅ ጎን፣
አረንጓዴው ፎጣችን የተሰጣባት
መስኮታችን።
ከሷ ስናየው ሐይቁ ግማሽ ነበር፤
ከሐይቁ ስናያት
እሷ ሙሉ ነች።
«እንመለስ?» አለ ሰውየው። «ጥቂት ቆይ» አለችው ሚስቴ፣
በሕይወቷ ዋጋ ሳትጠይቅ።

ስንወጣ ኬላው ላይ ያው ፖሊስ፣ ያው «ሻንጣ!»
ጋዜጣውን ፈታ፣ ጫማውን አዘነበለ፤
እፍኝ የማትሞላ አሸዋ
መዳፉ ላይ ፈሰሰች።
ምንድነው አላለም።
እጁን ሳያራግፍ
«እለፉ» አለን።