አሥራ አንድ ምልክት

ማቀዝቀዣው በር ላይ ሰሌዳው አለ እስካሁን፤
በአራት ቀለም ያሰመረው ቤልሚሮ ነው፣ ሲሰጠኝም አደራውን፦
"ማክሰኞ ፍጥነት፣ ሐሙስ ዳገት፣ እሑድ ረጅም፤
አሥራ ስድስት ሳምንት ነው፤ እንዳትዘይ አንድም።"
እኔ ግን ዘለልኩ።
ከመቶ አሥራ ሁለት ሳጥን
አሥራ አንዱ ላይ ብቻ ነው ምልክት ያደረግኩ።

ምክንያቱ አባቴ ነው፤ አዴሊኖ። በመስከረም መባቻ
መታጠቢያ ቤት ተንሸራቶ፣ ዳሌው ተሰንጥቆ፤ ያለሁት እኔ ብቻ።
አራተኛ ፎቅ ነው ቤቱ፣ ሊፍት የሚባል የሌለው፤
ጠዋት ሾርባ፣ ማታ ኪኒን፣ በመሐል ጋዜጣ ሲያሰኘው።
ቀኑ ደግሞ የፋብሪካ ነው፤ ሰርዲን በጣሳ መደርደር፣
ራስ ወደዚህ፣ ጭራ ወደዚያ፣ ስምንት ሰዓት እንደ ግንድ መገተር።
ማታ ጫማዬን አየዋለሁ፤ ጫማዬም ያየኛል፤
"ነገ" እለዋለሁ። ነገን ያውቃታል፤ ዝም ይለኛል።

የኅዳር እሑድ፣ ማቶዚኞሽ።
ንፋሱ ከባሕር ተነሥቶ፣ ጨው ይዞ፣
ድንኳን ይጎትታል፣ ቆብ ያሳድዳል፤ ጣቴ ደንዝዞ
መርፌ ቁልፉ እምቢ አለኝ፤ ቁጥሬን ደረቴ ላይ ስሰካ
ወጋኝ፤ የ1406 ዜሮ
ቀይ ብሌን አወጣች ለካ።
ቤልሚሮ ሰዓቱን ይነካካል፣ ጭኑን ያሻል፤
"ስንት አሰብሽ?" አለኝ። "መጨረስ" አልኩት። "ይሻላል።"
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ይባላል፤
እኔ ሳልታጠቅ ነው የመጣሁት፤ ምን ይፈታብኛል?

ተተኮሰ።
አንደኛው ኪሎሜትር መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ ይገፉኛል፤
ልጁን በጋሪ የሚገፋ አባት እንኳ "ይቅርታ" ብሎ ያልፈኛል።
ሁለተኛው ላይ ሳንባዬ ሒሳብ ይጠይቃል፤
"በመስከረም የት ነበርሽ? በጥቅምትስ?" ይጨቀጭቃል።
አራተኛው፣ የአይብ ምሽግ ከሚሉት ግንብ ሥር፣ ማዕበሉ ዘሎ
የተዘጋጀ ያልተዘጋጀ ሳይል አጠበን ጠቅልሎ።

አምስት። መብራት ቤቱ ጋ ዞርን።
ንፋሱ ፊቴን ለቆ፣ ከኋላ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤
ምን እንደ ሆነ አላውቅም። እግሬ ሳልለምነው ታዘዘኝ።
መቁጠር ጀመርኩ፤ እስከ ሰባ ሁለት፤ እንደገና ከአንድ፤
የአባቴ ቤት ደረጃ ነው፤ አፌ የለመደው መንገድ።
ሰባ ሁለት፦ የጋሪው አባት፤ ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል።
ሰባ ሁለት፦ አንድ ጢማም፣ ከራሱ ጋር ያወራል።
ሰባ ሁለት፦ ቤልሚሮ፤
ሰዓቱን እያየ፣ ሰዓቱ እያየው፣ ከንፈሩ ደርቆ፤
"አይዞህ" ልለው አፌን ስከፍት አለፍኩት፤
ቃሉ ከኋላዬ ቀረ ወድቆ።

ዘጠነኛው ላይ "እግሬ አውጪኝ" አልኩ፤ መልስ የለም ከእግሬ፤
ጎኔን ወጋኝ፣ ጫማው ውስጥ ተነቀለ ጥፍሬ።
ከገበያው ማዶ የዓሣ ጥብስ ይሸታል፤ ያቺን ዓሣ አውቃታለሁ፤
ሳምንቱን ሙሉ ስደረድራት ነበር፤
ዛሬ እሷ ፍም ላይ ተኝታ እኔ እሮጣለሁ።

ከቅስቱ በላይ ቀይ ቁጥሮች ይቀያየራሉ፤
አምሳ አንድ ከአርባ ስድስት፣ ከአርባ ሰባት ይላሉ።
አምሳ አንድ ከአርባ ስምንት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ሞልቼ፣ ምግብ መጥኜ፣
አምሳ ሦስትን መግፋት አቅቶኝ የተመለስኩት እኔ!

ቤልሚሮ ከደቂቃ በኋላ ደረሰ፤ እጁ ጉልበቱ ላይ።
"ምን ሠራሽ?" አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።
"ምንም።"
እውነቴን ነው። እውነት መሆኑ ነው የከፋው፤
አሥራ ስድስት ሳምንት ዝናብ የመታው፣ ወይን ጠጁን የተወው፣
በልጁ ልደት ኬክ ሳይቆረስ ሄዶ የተኛው እሱ ነው።
ሜዳልያዬን አውልቄ ኪሴ ጨመርኩ፤
የሰው ቦርሳ አግኝቼ ከባለቤቱ ፊት እንደ ቆምኩ።

ከሰዓት ሰባ ሁለቱን ወጣሁ፣ ግድግዳ ይዤ።
"ስንተኛ ወጣሽ?" አለኝ አባቴ።
"ስድስት መቶ አርባኛ።"
"ከኋላሽስ ሰው ነበር?"
"ነበር።"
"እንግዲያ ጥሩ ነው" አለና ሾርባውን ጠየቀ።
ስወርድ ግን እንደ ሸርጣን፣ በጀርባዬ፣ አንድ በአንድ።

ቤቴ ገብቼ እስክሪብቶ አነሣሁ። አሥራ ሁለተኛው ምልክት።
ቀለሙ አልወጣም፤ ደርቋል፤
ስንት ሳምንት ሙሉ ማን ነክቶት።